ዋግ ያልደፈረው ዘር

እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው የሰብል በሽታ የስንዴ ማሳዎቻችንን ሲያጠቃ «ዲገሉ» የተባለው ዝርያ ተቋቁሞ ቆመ። ገበሬው ተሻማበት። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የግንድ ዋግ መጣና በባሌ ያንኑ ዲገሉ ፍሬ ሳይቋጥር አወደመው። የመንደሩ በር ሁሉ በአንድ ዓይነት ቁልፍ ከተዘጋ፣ ሌባው የሚያስፈልገው አንዲት ቁልፍ ብቻ ናት።

ይህ እትም ወደ አያቶቻችን ጎተራ ያመራል። ነባሩ ዱረም ስንዴ በአንድ ማሳ ጥቁሩም ነጩም፣ ረጅሙም አጭሩም ተደባልቆ ይበቅላል፤ ዋግ አንዱን ቢይዝ ሌላው ሊያመልጠው ይችላል። ኤስአር13 የተባለው የግንድ ዋግ መከላከያ ዘረ-መል ከሚገኝባቸው ስንዴዎች አንዱ የኢትዮጵያ ነባር ዱረም ነው። ዘረ-መሉ እ.ኤ.አ. በ2017 ተነጥሎ የታወቀ ሲሆን፣ ዩጂ99 የተሰኘውን አስፈሪ ዋግም ይቋቋማል።

ታዲያ ነባር ዘር ሁሉ ብርቱ ነው ብለን አንኩራራ፤ ብዙው በዋግ ይሸነፋል። ኤስአር13ን የሚያልፍ የዋግ ዓይነትም እዚሁ ደብረ ዘይት ተገኝቷል። የእኔ ፍርድ፦ አንድ ዘረ-መል አይበቃም፤ ብዙ ዘረ-መሎችን ደራርቦ ማዳቀል ይሻላል።

በቤታችሁ የቆየ የስንዴ ዘር ካለ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ጥቂት አስቀሩ፤ ስሙንም ጻፉልን።