ስለ ሠፈራችን ውሾች፦ «መርዝ ይረጭ» ላሉትም፣ «የኔ አይናከስም» ላሉትም



ባለፈው ሳምንት በዚሁ ሰሌዳ ላይ፣ ከመዋጮው ማስታወቂያ ሥር፣ ስም የሌለበት አንድ ወረቀት ተለጥፎ አንብባችኋል። «በዚህ ወር ውሻ ሁሉ በመርዝ ይጥፋ፤ ማኅበሩ ገንዘቡን ያውጣ» ይላል። በማግሥቱ ከጎኑ ሌላ ተለጠፈ። እሱም ስም የለውም፤ «ውሻዬን የነካ ወዮለት፤ የኔ ውሻ ተናክሶ አያውቅም» የሚል ነው። ሰው አንብቦ ይፍረድ ብለን ሁለቱንም አላነሣናቸውም። ዛሬ ግን እኛም የምንለው አለን፤ የምንለው ለሁለቱም የሚጥም አይመስለንም።

ነገሩን ያመጣው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ፣ በር ላይ የቆመ ውሻ ባቱን ነከሰው። ልጁን እናውቀዋለን፤ ውሻውንም፣ የውሻውንም ጌታ እናውቃለን። የምንጽፈው ሰው ለማሳጣት አይደለምና ስም አንጠራም። የሆነውን ግን እንናገር። አንዷ ጎረቤት የተፈጨ ቡና አምጥታ ቁስሉ ላይ ነሰነሰች። ሌላው በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አሰረው። ጎረምሶቹ ድንጋይ ይዘው ወጡና ውሻውን እዚያው ገድለው፣ ማታውኑ ቀበሩት። ባለቤቱ «ተከትቧል» አለ፤ ወረቀቱ የታለ ሲባል «ጠፍቶብኛል» ሆነ መልሱ። እናቲቱ ልጇን ይዛ ክትባት ፍለጋ ሁለት ቀን ተንከራተተች። በመጨረሻ ተገኘ። ልጁ ዛሬ ደህና ነው፤ ተመስገን። ነገር ግን በዚያች ሰዓት እዚያ በር ላይ ከተደረገው ሁሉ አንድም ትክክል ነገር አልነበረም። እኛም ቆመን እናይ ነበርና ጥፋቱ የኛም ነው።

መደረግ የነበረበት ይኸ ነው። ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ሙሉ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ማጠብ። ሩብ ሰዓት አጭር አይደለም፤ ሰዓት ይዛችሁ ሞክሩት፣ ልጅ ሲያለቅስ ደግሞ እጅግ ይረዝማል። ቢሆንም ያድናል፤ የበሽታው ቫይረስ በሳሙና ይሞታልና። ቡና፣ አመድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥብቅ ማሰሪያ፣ ይኸ ሁሉ ይቅር። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና ሐኪሙ የሚሰጠውን ቀጠሮ አንዱንም ሳያጓድሉ መጨረስ ነው። ጠበል የሚሄድ ይሂድ፤ እኛም እንሄዳለን። ግን መጀመሪያ ሳሙናው፣ ቀጥሎ መርፌው ይቅደም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም ለማለት ይቻላል። ምልክቱም ቶሎ አይመጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር፣ አንዳንዴ እስከ ዓመት ይደበቃል። «ተነክሼ ምንም አልሆንኩም» የሚል ሰው በሁለተኛው ሳምንት ቢፎክር አትስሙት።

ውሻውስ? መገደል አልነበረበትም። ጎረምሶቹን እንዳናስቀይም ፈርተን ይህን ያን ዕለት ሳንናገር ቀረን። የነከሰ ውሻ በሕይወት ተይዞ ለአሥር ቀን ታስሮ ይጠበቃል። አሥሩን ቀን ደህና ከሆነ፣ በነከሰበት ዕለት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ የልጁም እናት ቢያንስ እንቅልፍ ታገኛለች። ካመመው ወይም ከሞተ ጭንቅላቱ ተመርምሮ ቁርጡ ይታወቃል። በድንጋይ ተጨፍልቆ የተቀበረ ውሻ ግን ምስክርነቱን ይዞ ነው የሚቀበረው። ሕክምናው በበኩሉ አሥር ቀን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም፤ ወዲያው ይጀመራል።

አሁን ወደ መርዙ እንምጣ። «ውሻ ሁሉ ይጥፋ» ያሉት ወንድማችን ወይም እኅታችን የልጁ ነገር አንገብግቧቸው እንደሆነ እናምናለን። ግን ኧረ ለመሆኑ መርዝ የገባበትን ሥጋ ማን ነው መጀመሪያ የሚበላው? ሰው የለመደው፣ ከደጅ የተኛው፣ የአደይ እገሊት ያ ሽማግሌ ውሻ ነው። ሰው የሚፈራው፣ ሌሊት ከቆሻሻ መጣያው የሚዞረው አሽትቶ ያልፈዋል። የቀረውን ቁራው ይበላል፣ ጥንብ አንሳው ይበላል፤ ከዚያ እነሱም ይወድቃሉ። ልጆቻችን በሚጫወቱበት ኮብልስቶን ላይ መርዝ ይደር የሚል ሰው የራሱ ልጅ የት እንደሚጫወት ይንገረን። በወሩ ደግሞ በሞቱት ፈንታ ከሌላ ሠፈር ሌሎች ይመጣሉ። የሥጋ ቤቱ ትራፊና የተከፈተው የቆሻሻ ገንዳ እስካለ ድረስ ቦታው ባዶ አያድርም። የሚመጡትም ያልተከተቡ ናቸው።

ይኸ በሽታ ለኛ አገር አዲስ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1884 በትግራይ፣ በቤጌምድር፣ በጎጃምና በወሎ ውሾችን እንደ ወረርሽኝ እንደፈጀ ተመዝግቧል። አዲስ አበባ በ1903 ደረሰባት። ከዚያ ወዲህ በየከተማው ውሻ በዱላም በጥይትም በመርዝም ሲገደል ኖሯል፤ በሽታው ግን ይኸው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ሌላ ነው፦ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ ሰባው በያመቱ ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ሜክሲኮ በዚህ መንገድ ውሻ ወደ ሰው የሚያስተላልፈውን የእብድ ውሻ በሽታ አጥፍታ በ2019 እ.ኤ.አ. ተመስክሮላታል። ሜክሲኮ የጠራች የሀብታም ከተማ አይደለችም፤ የጎዳና ውሻ ሞልቶባት የነበረች አገር ናት። ስለዚህ ማኅበሩ ለመርዝ የሚያወጣው አንዲት ሳንቲም የለም። ይህን በግልጽ እንናገራለን።

«የኔ አይናከስም» ላሉት ደግሞ የምንለው ከዚህ ይበልጣል፤ ጥፋቱ የሚበዛው እዚያ ነውና።

በመጀመሪያ ሕጉን እናስታውስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳው ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳያስበው ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ብሎ ባይገምትም። ስለዚህ «በሩን ልጆች ከፍተውት ነው» መልስ አይሆንም። «ከግቢ አይወጣም» ማለትም ክትባትን አያስቀርም። አጥራችንን እስቲ ዞር ብለን እንየው፤ ግማሹ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ቀዳዳ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ? እንኳን ተረቱ፣ ጅቡም እውነት ነው። መቀሌ ዳር ጅብ ሌሊት የሚዞር መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ጅብም ይህ በሽታ ይይዘዋል።

ሁለተኛ፣ አያያዙ። በጠባብ ሰንሰለት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስሮ፣ አስርቦ፣ አንዳንዱም በርበሬ አብልቶ፣ «ኃይለኛ ይሁን» ማለት ምን ዓይነት ዕውቀት ነው? እንዲህ ያለ ውሻ ኃይለኛ ሳይሆን ፈሪና ቂመኛ ይሆናል። ሌባና ዳቦ የሚገዛ ልጅ አይለይም። ጥሩ ዘበኛ ውሻ የቤቱን ሰው የሚያውቅ፣ ጎረቤቱን የለመደ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚጮኽ፣ «ተው» ሲባል የሚተው ነው። ይኸ የሚሠራው በቡችላነቱ ነው፤ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ባለው ጊዜ ሰው፣ ልጅ፣ ባጃጅ፣ አህያ ያየና የለመደ ቡችላ ሲያድግ አይደነግጥም። ጆንያ ውስጥ አድጎ በስድስተኛ ወሩ በሰንሰለት የታሰረ ግን ሁሉን ይፈራል፤ የፈራ ደግሞ ይነክሳል። ማስተማሩም ዱላ አይፈልግም። በስሙ ጠርታችሁት ሲመጣ ቁራሽ ስጡት፣ በጥሩ ድምፅ አናግሩት፤ በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። ጠርቶ መምታት ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሁለተኛ ሲጠሩት ለምን ይመጣል? ልጆቻችንንም እናስተምር፦ የሚበላ ውሻ አይነካም፣ ቡችላ ያላት እናት አትጠጋም፣ የማያውቁት ውሻ ሲመጣ አይሮጥም። እጅን ሰብስቦ ዝም ብሎ መቆም ነው።

ሦስተኛው ምግቡ ነው፤ እዚህ ላይ ረዘም እንላለን፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለና። በበዓል በግ በየግቢው ይታረዳል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ፊኛ የመሰለ ነገር ሲገኝ ምን እናደርጋለን? «ይኸ አይበላም» ብለን ለውሻ እንወረውራለን። እዚያች ፊኛ ውስጥ ያለው የትል ዘር ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ጠጉሩ ላይ ይጣበቃል፤ ልጅ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል። ከዓመታት በኋላ ያው ፊኛ በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ አድጎ ለኦፕራሲዮን ይዳርገዋል። ውሻውን አይታችሁ ደግሞ ምንም አታውቁም፤ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ፊኛ ያለበትን ቆፍራችሁ ውሻ በማይደርስበት ጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ሌላውንም ሳንባና ጨጓራ ጥሬውን አትስጡ፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይንተክተክ። ለውሻውም የትል መድኃኒት ከእንስሳት ሐኪም ጠይቁለት።

ወጥ የተረፈውን ማፍሰስም ልማዳችን ነው። ቀይ ወጥ ግማሹ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ደግሞ የውሻን ደም ያበላሻል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። እንጀራ በአጥንት መረቅ ርሶ ቢሰጥ ሆድ ይሞላል፤ ብቻውን ግን ምግብ አይሆንም። በሁዳዴ ደግሞ እኛ ስንጾም ውሻውም አብሮን ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮ ይበላል። ውሻ አይጾምም፤ ኃጢአትም የለበት! የተቀቀለ እንቁላል ጣል አድርጉለት። ውሃም በየቀኑ ንጹሕ ይሁን፤ የውሃ ችግራችንን እናውቃለን፣ ግን አንድ ጣሳ ውሃ ቤት አያፈርስም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ያልበላው ደግሞ የጎረቤት ደጅ ይዞራል፤ ጠቡም የሚጀምረው እዚያ ነው።

ቡችላ በጆንያ አስሮ ወንዝ ዳር የሚጥለውንም እናውቃለን። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ትፈልጋለች፤ በሁለት ወር ትወልዳለች። ቡችላ የማይፈልግ በዚያን ሰሞን ይዝጋባት ወይም ሐኪም ያምክናት። ዛሬ በሌሊት የሚጮኹብን ትናንት እኛው የጣልናቸው ናቸው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜም ስንቱ ቤቱን ዘግቶ ሲሄድ ውሻው ደጅ ቀረ። ለሰው መድኃኒት ጠፍቶ ለውሻ ክትባት ማን ያስብ ነበር? በዚያ ማንንም አንወቅስም። ግን ጦርነቱ ካበቃ ዓመታት ሆኖታል፤ ሰበቡም አብሮ ያብቃ።

ስለ ምልክቱ አንድ ቃል። «ውሃ ከጠጣ አላበደም» የሚሉ አሉ፤ ስሕተት ነው። ውሃ የሚፈራው የታመመው ሰው ነው፤ ያበደ ውሻ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። የሚያብደውም ሁሉ አይሮጥም። አንዳንዱ ዝም ይላል፣ ጨለማ ይፈልጋል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ ለሐጩ ይንጠባጠባል፣ ድምፁ ይጎረናል። ያኔ «አጥንት ሰንቅሮት ነው» ብሎ እጁን አፉ ውስጥ የሚከት ደግ ሰው አለ። እባካችሁ አትክተቱ።

እንግዲህ ማኅበሩ የወሰነው ይኸ ነው። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በተለመደው ቦታ ስብሰባ አለ። ውሻ ያለው ሁሉ የውሻውን ስም፣ ዕድሜና የክትባት ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ ወረቀት የሌለው «ጠፍቶብኛል» ሳይል «አላስከተብኩም» ይበል፤ ማንም አይስቅበትም። ቡችላ ከሦስት ወር ጀምሮ ይከተባል። የእንስሳት ሐኪም ወደ ሠፈራችን መጥቶ በአንድ ቀን ሁሉንም እንዲከትብ እንጠይቃለን፤ ዋጋውን ባለውሾች ይከፍላሉ፣ አቅም የሌላቸውን አቦይና አደይ ማኅበሩ ይሸፍንላቸዋል። ጌታ የሌላቸውንም ውሾች የለመዷቸው ልጆች በገመድ ያመጧቸዋል፤ እነማን እንደሆኑ እናውቃለን፣ ዳቦ የሚሰጧቸው እነሱ ናቸውና። ሁለቱን ወረቀቶች የለጠፋችሁም ኑ። ስማችሁን አንጠይቅም፤ ወንበር ግን ጥቂት ስለሆነ ቀደም በሉ።