ባዶ ሳጥን የንጉሥ ነው

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኮንትራት ከሠራኋቸው ሥራዎች አንዱ የመሬት መመዝገቢያ ሶፍትዌር ነበር። ለማን እንደሠራሁት መናገር አያስፈልግም፤ ጠቡ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር አይደለም። የእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት መረጃ የሚሞላበት ቅጽ ላይ «የባለይዞታ ስም» የሚል ሳጥን አለ። እሱ ካልተሞላ ሲስተሙ አልመዘግብም ይላል፣ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። መረጃ አስገቢዎቹ ተማረሩ፤ «ባለቤቱ ያልታወቀ ሲያጋጥመን ምን እንጻፍ?» አሉ። ስብሰባ ተጠራ። ቡናው ሳይቀዘቅዝ ተወሰነ፦ ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ሲስተሙ ራሱ «መንግሥት» ብሎ ይሙላው። ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ መስመር ናት። ከምሳ በፊት ጨርሼ ወጣሁ፣ ስለሷም ድጋሚ አላሰብኩም።

ያደግሁት ገዋኔ ነው። አባቴ ከወሎ በመምህርነት ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ከጅቡቲው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ የሠራው ቤት ካርታ አለው፤ ማኅተም አለው፤ የአባቴ ስም ከነአያቱ ተጽፎበታል። በዚያው ዓመት ለበዓል ቤት ሄጄ ላፕቶፔን ከፍቼ ስሠራ፣ አብሮኝ የተማረ አፋር ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጦ ያይ ነበር። የሙከራ ካርታ ነው የከፈትኩት፤ ባለይዞታው የታወቀ መሬት አረንጓዴ፣ የመንግሥት የሆነው ግራጫ። ከተማዋ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣቦች አሉ። ከዚያ ውጪ በአንድ በኩል እስከ አዋሽ ዳር፣ በሌላ በኩል እስከ አያሉ ተራራ ግርጌ ያለው ሁሉ ግራጫ ነው።

«የአባትህ ቤት አረንጓዴ ነው» አለ ጓደኛዬ። «እኛ የት ሄደን ነው?»

ሙከራ ነው፣ ይስተካከላል አልኩት። ሳቀ። «ይህን በዳጉ ባወራው ሰው ይስቅብሃል» አለኝ። ዳጉ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወሬ የሚለዋወጡበት ሥርዓት ነው፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ሳር የት አለ፣ የማን ከብት ወዴት ሄደ፣ ማን ከማን ተጣላ። የሰሙትን አዛብቶ ማስተላለፍ ነውር ነው። ያ ግራጫ ቦታ የትኛው ጎሳ በየትኛው ወር እንደሚያሰማራበት፣ ማን ማንን አስፈቅዶ እንደሚያልፍበት የማያውቅ ትልቅ ሰው በወረዳው የለም ማለት ይቻላል። የማያውቀው የኔ ዳታቤዝ ነው።

መጀመሪያ ላይ የራሴ ስንፍና አድርጌ ነበር የቆጠርኩት። የድሮ ሕጎችን ሳገላብጥ ግን ያቺን መስመር ከኔ ቀድሞ የጻፋት ሰው እንዳለ አየሁ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 130 አለ። በማንም ሰው ስም ያልተያዘ ንብረት፣ ወራሽ ያጣ መሬት፣ ደን፣ የግጦሽ መሬት ሁሉ የመንግሥት ግዛት ነው ይላል። ልብ በሉ፤ የግጦሽ መሬት ወራሽ ካጣ መሬት ጋር እኩል ተሰልፏል። እረኛው በሕይወት አለ፣ ከብቱ አለ፣ ልጆቹ አሉ፤ መሬቱ ግን ባለቤቱ እንደሞተበት ተቆጠረ።

በእንግሊዝኛው ቅጂ «ወራሽ ያጣ መሬት» የተባለበት ቃል «ኤስቺት» ነው። ከመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ የመሬት ሕግ የመጣ ቃል ነው፤ እሱን ተከትዬ ነው ወደዚያ ታሪክ የገባሁት። ገብቼም ተናደድኩ። የተናደድኩት በእንግሊዞቹ አይደለም፣ በኛ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ከንጉሡ በቀጥታ መሬት የያዘ ሰው ሲሞት ኤስቺተር የሚባል ሹም ይላካል። ሹሙ መሬቱን ዝም ብሎ አይወርስም። የአካባቢውን ሰዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ 12 ያህል፣ ሰብስቦ ያስምላል፤ ከዚያ ይጠይቃል። ሟቹ ምን መሬት ነበረው? ከማን ነው የያዘው? በምን ግዴታ? ወራሹ ማነው? ዕድሜው ስንት ነው? የሟች ሚስት የመሬቱ ሲሶ ይደርሳታል፣ እሱም ይለካላታል። (ሲሶ! እኛ ዘንድ ባላባት የሚቀርለት ድርሻ የሚጠራበት ቃል እዚያ የመበለት መብት ሆኖ ሳገኘው ፈገግ አልኩ።) ወራሽ የለም ከተባለ ብቻ ነው መሬቱ ወደ ንጉሡ የሚመለሰው። ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1086 ቀዳማዊ ዊልያም አገሩን ሲያስመዘግብ፣ መዝጋቢዎቹ የየመንደሩን ቄስ፣ ምስለኔና ገበሬ እያስማሉ ነበር የጻፉት። ሜዳውንም ግጦሹንም ጽፈዋል።

ንጉሡ ደግ ስለነበረ አይደለም። ግብር ፈልጎ ነው፤ ወራሹ ልጅ ከሆነ ሞግዚት ሆኖ መሬቱን ለመብላት ነው። መደብደብም መዝረፍም ነበር። ግን ይጠይቅ ነበር። በ1278 ቀዳማዊ ኤድዋርድ በየአውራጃው ችሎት የሚያስችለውን፣ ገበያ የሚያቆመውን፣ ሌባ የሚሰቅለውን ጌታ ሁሉ «በማን ፈቃድ ነው?» ብሎ በፍርድ ቤት ያፋጥጥ ጀመር። ብዙዎቹ የሚያሳዩት ወረቀት አልነበራቸውም፤ «አባቴም አያቴም እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል» ነው መልሳቸው። ክርክሩ 12 ዓመት ያህል ተጓተተ። በመጨረሻ በ1290 የወጣው ሕግ ከ1189 ጀምሮ ሳያቋርጥ ሲሠራበት መቆየቱን ያስመሰከረ ሰው መብቱ ይጽናለት አለ። ወረቀት የሌለው፣ መቶ ዓመት የሠራበት ሰው፣ በምስክር ተረታለት። እርግጥ የተረታላቸው ጌቶች ናቸው፣ እረኞች አይደሉም። ቢሆንም በብራናና በላባ ይሠራ የነበረ መንግሥት «ወረቀት የለህም» እና «መብት የለህም» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማወቅ 12 ዓመት በቅቶታል። እኛ ሰርቨር ይዘን ከ1948 ጀምሮ አልገባንም።

«የቆየ ታሪክ ነው፣ ዘውዱም ወርዷል» የሚለኝ ይኖራል። እስኪ አዋሽን ተከትለን እንውረድ። በ1952 የቆቃ ግድብ ተሠራ። በ1954 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከወንጂና መተሐራ ሸንኮራ እስከ አሚባራና ተንዳሆ ጥጥ ድረስ የወንዙ ዳር ለእርሻ ተሰጠ፣ ተንዳሆ ላይ ለእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ኩባንያ። መሬቱ በማንም ስም አልተመዘገበምና ለመስጠት ማንንም መጠየቅ አላስፈለገም።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ያደገ ጓደኛዬ ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፦ «አፋር ሰፊ አይደል እንዴ? የወንዙ ዳር ቢወሰድ ምን ይሆናል?» አካሄዱን አለማወቅ ነው። የከርማ ዝናብ ሲጥል ከብቱ ወንዙን ትቶ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ሜዳው ያኔ ሳር አለው፣ ወንዝ ዳሩ ደግሞ ጎርፍና ዝንብ ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ሜዳው ይደርቃል፣ ከብቱ ጎርፉ ወዳበቀለው ሳር ወደ አዋሽ ይመለሳል። ሰፊው ሜዳ ዋጋ የሚኖረው ጠባቧ የወንዝ ዳር ስላለች ነው። እሷን ከወሰድክበት ሜዳውን አብረህ ወስደሃል፤ የደረቁን ወራት የሚያሳልፍበት የለውምና። ቀያሹ በከርማ ቢመጣ ወንዝ ዳሩ ላይ ሰው አያገኝም፣ «ባዶ» ብሎ ይጽፋል። በበጋ ቢመጣ ሜዳው ላይ ሰው አያገኝም፣ እሱንም «ባዶ» ይላል። ሁለቱም ጊዜ ባዶው ሳጥን ይሞላል። በማን እንደሚሞላ ታውቃላችሁ። በ1965 እና 66 ድርቅ ሲመጣ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል አፋሮች መሆናቸው የዝናብ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

በዚያው ዘመን ታች አውሳ የሆነውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ሱልጣን አሊ ሚራህ ሐንፈሬ ቤተ መንግሥት የሚያውቀው ስም ነበራቸው፤ ቢትወደድ ተብለዋል። ስለዚህ ተደራደሩ፣ የራሳቸውን የጥጥ እርሻ አለሙ፣ ከመሬታቸውም ብዙውን አስከበሩ። መካከለኛው አዋሽ ላይ ያሉት ጎሳዎች ግን ሳጥኑ ውስጥ የሚገባ አንድ ስም አልነበራቸውም። መብታቸው ስላነሰ አይደለም፤ መብቱ የብዙ ሰው ስለሆነ ነው።

ደርግ በየካቲት 1967 መሬት ለአራሹ ብሎ ሲያውጅ አዋጅ ቁጥር 31 ዘላኖች በልማድ በሚያሰማሩበት መሬት ላይ የይዞታ መብት አላቸው አለ። ጥሩ ቃል ነው። እርሻዎቹ ግን የመንግሥት እርሻ ተባሉ እንጂ ሳሩ አልተመለሰም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት አለው ይላል። ይህም ጥሩ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 456/1997 ደግሞ መንግሥት የመሬት ባለቤት በመሆኑ የጋራ ይዞታን እንዳስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊቀይር ይችላል አለ። ያም በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተሽሯል። ሕግ ይሻራል፤ ቅጹ ላይ ያለው ሳጥን ግን ማንም ሳያየው ከአንዱ ሲስተም ወደ ሌላው ይገለበጣል። እኔ ራሴ ከየት እንደገለበጥኩት ሳላውቅ ነው የጻፍኩት።

አሁን የሙያ ጓደኞቼን ላናግር። «ዲጂታል ካደረግነው ይጠራል፣ ሙስናው ይቀራል» ትላላችሁ። ለአባቴ ቤት ልክ ናችሁ። ለግጦሹ ግን የምታደርጉት ነገር የድሮውን ግምት ማፍጠን ነው። ድሮ አንድ ሹም መሬቱን ባዶ ለማለት ቢያንስ በላንድሮቨር ገዋኔ ድረስ መውረድ ነበረበት። አሁን የሳተላይት ምስል ይበቃዋል። ምስሉ ላይ ወንዝ ዳሩ ለምለም ነው፤ አብዛኛው ለምለም ግን በ1970ዎቹ አካባቢ ለበጎ ተብሎ የገባውና ሕዝቡ «ወያኔ» የሚለው የፕሮሶፒስ እሾህ ነው፣ ሳሩን የበላው እሱ ነው። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ፣ ከሥር ሲኬድ መግቢያ የለውም።

«እንግዲያው የጎሳ መሪውን ስም እንጻፍ» የሚሉም አሉ። ይሄኛው ሐሳብ የበለጠ ያስፈራኛል። ንጉሡም ያደረገው እኮ ይህንኑ ነው። ሕዝብ ማነጋገር ሲከብደው አንዱን መርጦ ባላባት አለው፣ ደመወዝ ቆረጠለት፣ ከዚያ በኋላ ከሕዝቡ ይልቅ ከባላባቱ ጋር ተዋዋለ። በአፋር ልማድ የጎሳ መሪ መሬት ሸጦ ለውጦ የሚያድር ባለቤት አይደለም፤ ሽማግሌዎች አሉበት፣ ያጠፋን የሚቀጣው የእኩዮች ማኅበር ፊማ አለበት። ስሙ ብቻውን ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ እነዚያ ሁሉ ይጠፋሉ። ዛሬ አሚባራና ገዋኔ ላይ ባለሀብቱ ለጥጥ እርሻ ውል ሲፈልግ የሚበቃው የአንድ ሰው ፊርማ የሚሆነው ለዚህ ነው። የወጣቶቹ ቅሬታ የሚጀምረውም እዚያ ነው። ልማዱንም ቢሆን አላወድሰውም፤ የባሏ ከብት ያለቀባት ሴት በጎሳው ስም ዝርዝር ውስጥ የለችም፣ በመሪው ስምም አትኖርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የቴክኒክ ችግር የለበትም፤ ይህን ስል በሙያዬ ነው። አንድ ቁራሽ መሬት አንድ ባለይዞታ ብቻ ይኑረው ያለው ማን ነው? አንድ ተጨማሪ ሰንጠረዥ ይበቃል፦ መሬቱ፣ ተጠቃሚው፣ ወሩ፣ የሚያስፈቅደው ከማን እንደሆነ። በሱጉም ይኸኛው ጎሳ፣ በበጋ ያኛው፣ በድርቅ ጊዜ እንግዳው በፈቃድ። አንድ ጀማሪ ፕሮግራመር በሳምንት ይሠራዋል። መረጃውን ደግሞ ኤስቺተሩ እንዳደረገው ጎረቤት ሰብስቦ፣ አስምሎ፣ ሴቶቹንም ለብቻ ጠይቆ መጻፍ ነው። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ደግሞ ሲስተሙ «መንግሥት» አይበል። «አልተጠየቀም» ይበል። ባለቤት የለውም ማለትና ባለቤቱን አልጠየቅነውም ማለት በኮድ ቋንቋ እንኳ ሁለት የተለያዩ ዋጋዎች ናቸው። እኔ አንድ አደረግኋቸው።

ይህንኑ ጽፌ ላክሁ። ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ሁለት ቀን ቁጭ ብለን በወረቀት የሣልነውን ንድፍ ጨምሬ፤ የት በየትኛው ወር እንደሚሰማራ እሱ እየነገረኝ፣ ያልተስማማበትን አጎቱ ጋ እየደወለ እያረጋገጠ። መልሱ ጨዋ ነበር፤ ሐሳቡ ጥሩ መሆኑንና በሚቀጥለው ዙር እንደሚታይ ይገልጻል።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ደወለ። ከርማው ዘንድሮ ቀደም ብሎ ጥሏል፣ ከብቱን ወደ ሜዳው አውጥተዋል፣ ወንዝ ዳር የቀረ ሰው የለም። የዳጉውን ሁሉ በሥርዓቱ አንድ በአንድ ከነገረኝ በኋላ ዝም አለና ጠየቀኝ።

«ቀለማችንስ?»

«ግራጫ ነው» አልኩት።