ሥራው ይቅደም፤ ጉዞው ይከተል





በ1947 ዓ.ም. በከተማችን በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በተከፈተ ጊዜ፣ ተመርቀው የሚወጡት የጤና መኮንኖችና ነርሶች በኅብረት ወደ ጤና ጣቢያዎች ይመደቡ ነበር። ምስክር ወረቀቱና ሥራው አብረው ይሰጡ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ያ ኮሌጅ ታላቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ተመራቂው በዝቷል፤ ሥራው ግን አብሮ አልበዛም። ስለዚህ ካስተማርኋቸው ልጆች ብዙዎቹ ዲግሪያቸውን ይዘው ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ያስባሉ። ሠርቶ ለማደር መሻት ነውር አይደለምና አልፈርድባቸውም።

ነገር ግን «አሠሪህ ማነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ «ከደረስሁ በኋላ ሥራ አላጣም» የሚለኝ ይበዛል። በዚህ ተስፋ አባት በሬውን ይሸጣል፤ ገንዘቡም ለደላላ ይሰጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በመተማ በኩል የሚሻገሩባት ሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት ተጎድታለች። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን መመለሳቸውም ፈቃድ የሌለው ሠራተኛ ምን እንደሚገጥመው ያስተምረናል።

ብዙዎች የውጭ አገር ሥራ ሥምሪት አዋጅ ለቤት ሠራተኞች ብቻ የወጣ ይመስላቸዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 923 ግን የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ አሠሪው እንዲችል ደንግጓል። ከቤት ሠራተኝነት ሌላ ሥራ በራሱ ጥረት ያገኘ ሰውም በመንግሥት ፈቃድ በቀጥታ እንዲቀጠር በር ከፍቷል። ይህ በር የተመራቂው በር ነው።

እንግዲህ ወጣቱ የአሠሪው ስም፣ ደመወዙና የሥራው ሰዓት የተጻፈበት ውል ሳይፈርምና ውሉም በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳይጸድቅ እግሩን አያንሣ። ነርስ ወይም ሐኪም የሆነም የሚሄድበት አገር የሙያ ፈቃድ ፈተና እንዳለው አስቀድሞ ይጠይቅ። ወላጆችም በሬውን ገበያ ከማውጣታቸው በፊት «ውሉን አሳየኝ» ይበሉ። ትምህርት ቤቶቻችንና ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ ይህን አዋጅ ከምረቃው ቀን በፊት ለተማሪው ቢያስረዱ መልካም ነው፤ ከድንበር ማዶ የሚመጣ ምክር የዘገየ ነውና።

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከቀሐ፣ ጎንደር