ነነዌ ስላልጠፋች ስብከቱ ውሸት ነበር?



በየስልካችን የሚዞር አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። ጥቁር ሰማይ ይታያል፣ የሚያስፈራ ሙዚቃ ይሰማል፣ ከዚያ "2038" የሚል ቁጥር ይመጣል። በዚያች ሌሊት የዓለም ኮምፒውተር በሙሉ ይቆማል፣ ባንክ ይዘጋል፣ አውሬው መንግሥቱን ይዘረጋል ይላል ተራኪው። የሚያየውም ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ደንግጦ ለአሥር ሰው ይልካል። ሌላው ይስቃል፤ "በፈረንጆቹ 2000ም እንዲህ ተብሎ ነበር፣ ምን ሆነ?" ይላል። ሁለቱም አልገባቸውም። በእነርሱ ግን ብዙ አልፈርድም፤ የምወቅሰው ያስተማሯቸውን ነው። ነገሩን ሳያጣሩ ያስፈራሩ ጋዜጠኞችን፣ ሳያጣሩ ያፌዙ ጋዜጠኞችን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰው ፍርሃት የስብከት ርዕስ የሆነላቸውን የእኛን ሰዎች።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደነበረ እንነጋገር፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ በትክክል የነገረው የለምና። የድሮውን የደረሰኝ ጥራዝ አስታውሱ። ቀን በሚጻፍበት ቦታ "19" ታትሞ ቀሪው ሁለት ቁጥር በእጅ ይሞላ ነበር። ዘመኑ 2000 ዓ.ም. ሲገባ ያ ጥራዝ ያላለቀበት ሰው "19"ኙን በእስክሪብቶ እየሰረዘ "20" ጻፈበት። ኮምፒውተርም እንደዚያው ነው። በድሮ ጊዜ የማስታወሻ ቦታ በጣም ውድ ስለነበረ ባለሙያዎቹ ዓመተ ምሕረቱን በሁለት ቁጥር ብቻ መዘገቡት፤ 1975ን "75" ብለው። እ.ኤ.አ. 2000 ሲገባ "00" ይሆናል፤ ማሽኑም 1900 ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። እኛ ደረሰኝ ላይ ስንደርስ አይተን እንሰርዛለን። ማሽን ግን ዓይን የለውም፤ አስቀድሞ ገብቶ የሚያርመው ሰው ይፈልጋል።

ያረሙትም ሰዎች ነበሩ። ለዓመታት፣ በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ፣ መስመር በመስመር እያነበቡ አረሙ። ለዚያ ሥራ በዓለም ዙሪያ የወጣው ወጪ ከ300 እስከ 600 ቢሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። እኛ ዘንድ ቀኑ ቅዳሜ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ነበር። ነጋ፤ መብራቱም አለ፣ አውሮፕላንም ከሰማይ አልወደቀም። በማግስቱ ያው "አውሮፕላን ይወድቃል" ሲል የነበረው ሚዲያ "ቀልድ ነበር፣ ገንዘብ መብያ ነበር" ማለት ጀመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ወገኖቼ፣ እኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢዎች ይህን ታሪክ ከማንም በፊት ማወቅ ነበረብን። ዮናስ ነነዌ ገብቶ በ40 ቀን ውስጥ ከተማይቱ እንደምትገለበጥ ተናገረ። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ ማቅ ለበሰ፣ ሕዝቡም ከክፉ መንገዱ ተመለሰ፣ እግዚአብሔርም ጥፋቱን አላመጣም (ዮናስ 3)። ታዲያ በ41ኛው ቀን አንድ የነነዌ ነጋዴ ሱቁን ከፍቶ "ያ ዕብራዊ ዋሸን፣ ይኸው ምንም አልሆነም" ቢል ምን እንለዋለን? ያልሆነውማ ስለተመለሳችሁ ነው እንለዋለን። ዮሴፍስ? በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ባያከማች ኖሮ ግብጽ ታልቅ ነበር። ስላከማቸ ግብጽ አላለቀችም። ማንም ተነሥቶ "ግብጽ ካላለቀች ጎተራው ለምን ተሠራ?" አላለም፤ የዚያን ዘመን ጋዜጠኛ ቢኖር ኖሮ ግን ሳይል አይቀርም።

እዚህ ላይ እውነተኛ ክርክር አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ጣሊያንና ሩሲያን የመሳሰሉ አገሮች ከአሜሪካና ከእንግሊዝ በጣም ያነሰ አወጡ፤ እነርሱም አልፈረሱም። ታዲያ ወጪው ከንቱ አልነበረምን? ከፊሉ ምናልባት ከንቱ ነበር፤ ፍርሃት ባለበት ሁሉ የሚነግድ አይጠፋም። ነገር ግን ብዙው ፕሮግራም የሚሠራው በጥቂት ትልልቅ ኩባንያዎች ነው። አንዱ ጋ የታረመው ለሁሉም ይላካል፤ ዘግይቶ የጀመረው ሌላው የጠረገውን መንገድ ይሄድበታል። ደግሞም በኮምፒውተር ላይ ያልተደገፈ አገር ኮምፒውተር ቢሳሳትበት የሚደርስበት ጉዳት ጥቂት ነው። እኛ በ1992 ዓ.ም. ያመለጥነው ስለተዘጋጀን ነው ብሎ የሚፎክር ካለ አይመነው። ሞባይል ስልክ ያኔ አዲስ አበባ ላይ ገና መጀመሩ ነበር። አምቦ ላይ ኮምፒውተር ተሳስቶ የሚያስተጓጉለው ምን ነበረ?

"ምንም አልሆነም" የሚለውም ቢሆን ሐሰት ነው። በእንግሊዝ አገር ሼፊልድ ከተማ የነፍሰ ጡሮችን ምርመራ የሚያሰላ ፕሮግራም በዚሁ የቀን ስህተት ምክንያት የእናቶችን ዕድሜ በተሳሳተ መንገድ አሰላ። 154 እናቶች የተሳሳተ ውጤት ደረሳቸው፤ ለወራትም ማንም አላወቀም። እሳት አልነሣም፣ ድምፅ አልተሰማም። ወረቀት ላይ የተጻፈ አንድ ቁጥር ብቻ ተሳሳተ። ሚዲያው የሚጠብቀው የሚፈነዳ ነገር ስለነበር ይህን እንደ ጥቃቅን ዜና አለፈው። እኔ ግን ስለ ቀን ስህተት ሳስብ የሚመጣብኝ አውሮፕላን አይደለም፤ በጤና ጣቢያ ወንበር ላይ የተቀመጠች፣ የተሰጣትን ወረቀት አምና ወደ ቤቷ የምትሄድ አንዲት እናት ናት።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ስመ ጥር የነበረው ሰባኪ ጄሪ ፎልዌል ስለዚህ ጉዳይ ክርስቲያኖችን የሚያስጠነቅቅ የቪዲዮ ካሴት አውጥቶ ሸጠ። ጋሪ ኖርዝ የተባለው ክርስቲያን ጸሐፊ ደግሞ ሥልጣኔ ራሱ ይፈርሳል እያለ ለዓመታት ጻፈ። ሰዎች ምግብ አከማቹ፣ አንዳንዱም ኑሮውን አናግቶ ወደ ገጠር ገባ። ቀኑ አለፈ። ለተናገሩት ነገር የጌታ ስም ተጨምሮበት ስለነበር ያፈረው የእነርሱ ስም ብቻ አልሆነም። ዘዳግም 18፥22 በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ ነገሩ ያልሆነለትን ሰው እንዳንፈራው ይነግረናል። ጌታም ስለዚያች ቀን ከአብ በቀር ማንም እንደማያውቅ ሲናገር (ማቴዎስ 24፥36) "ፕሮግራመሮች ግን ያውቁታል" ብሎ አልጨመረም።

ይህን ሁሉ የማነሣው ተመሳሳዩ ነገር እየመጣብን ስለሆነ ነው፤ ለዚያውም ለሟርተኛ በሚመች ቀን። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ሰከንድ እየደመሩ ነው። የድሮዎቹ መዝገብ የሚይዘው እስከ 2,147,483,647 ብቻ ነው። ያ ቁጥር የሚሞላው እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 2038 ነው። በእኛ አቆጣጠር አሰሉት፤ ማክሰኞ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ማለዳ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። የጥምቀት ዕለት ንጋት! ያልታረመ ማሽን ከዚያ በኋላ ያለውን ሰከንድ ከዜሮ በታች አድርጎ ይቆጥርና ቀኑን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1901 ያደርገዋል። አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው ብሎ ያስባል ማለት ነው።

አሁኑኑ ልናገር፤ ያ ቀን በጥምቀት መዋሉ ምንም ምሥጢር የለበትም። ቁጥሩ ሲሞላ የሚውልበት ቀን ነው እንጂ ምልክት አይደለም። ይህን የምለው ከዓመታት በፊት የሆነው፣ አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ "መንፈስ ገለጠልኝ" ሳይል በፊት እንዲነበብ ነው። የገለጠለት መንፈስ ሳይሆን ሂሳብ ነው፤ ሂሳቡም ለማንም ክፍት ነው።

ቀኑ እስኪደርስ የሚጠብቅ ደግሞ ተሳስቷል። ስህተቱ ቀድሞም ይመጣል። የ15 ዓመት የቤት ብድር በ2016 ዓ.ም. የወሰደ ሰው ብድሩ የሚያልቀው በ2031 ነው፤ ፕሮግራሙ ያንን ቀን ዛሬ ማስላት አለበት። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ የኢሜይል ሰርቨሮች መልእክት ማስተላለፍ አቁመው ነበር። ምክንያቱ ቀኑን በቁጥር ሲጽፉት 2,201,010,001 ሆኖ ከላይ ከጠቀስነው ወሰን በማለፉ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 2024 ደግሞ በኒውዚላንድ የነዳጅ ማደያ ማሽኖች ቀኑን አላውቀውም ብለው ክፍያ አንቀበልም አሉ። አገር አልፈረሰም፤ ሾፌር ግን ተቸገረ።

እኛ ደግሞ ከዓለም የተለየ የራሳችን ጉድ አለን፤ ጳጉሜን። 13ኛ ወር፣ አንዳንዴ 5 ቀን፣ አንዳንዴ 6። የውጭ አገር ፕሮግራም ይህን ሲወለድ አያውቀውም። ከፈረንጅ ዓመት ላይ ዝም ብሎ ስምንት የሚቀንስ ፕሮግራም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይሳሳታል፤ ያኔ ልዩነቱ ሰባት ነውና። መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 የሚያደርግ ፕሮግራም ከጳጉሜን 6 በኋላ በሚመጣው ዓመት ቀን ይስታል፤ ያኔ አዲስ ዓመት በ12 ይውላልና። የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 ያለው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከ2030 በፊት የሚመጣው ፈተና ይኸኛው ነው። ስለዚህ ግን የሚያስፈራ ሙዚቃ የጨመረበት ሰው አላየሁም።

ዝግጁ ያልሆነ ሕዝብ ምን እንደሚመስል ደግሞ መጋቢት 2016 ላይ አይተናል። ከመጋቢት 6 ማታ እስከ መጋቢት 7 ማለዳ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ስህተት ምክንያት ሰዎች የሌላቸውን ገንዘብ ማውጣትና ማዘዋወር ቻሉ። ባንኩ ያለአግባብ የወጣውን ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ አደረሰው። ያ የቀን ስህተት አልነበረም፤ ነገር ግን ያው አለመረዳት ነበር። ተጠለፈ የሚል ወሬ ሮጠ፤ ባንኩ ግን የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነና በራሱ የሲስተም ማሻሻያ ወቅት የተፈጠረ ስህተት እንደሆነ ገለጸ። አንዳንዱም በረከት ነው ብሎ ወሰደ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ማሽን ሲሳሳት የሌላ ሰው ገንዘብ በረከት አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ስለ 666 ቁጥር ስንት ሰንበት ስትሰብክ ቆይታ "ኤቲኤም ቢሳሳት አትውሰዱ" ብላ ስንቴ አስተምራ ነበር?

በሐዋርያት ሥራ 11 ላይ አጋቦስ ረሃብ እንደሚመጣ ተናገረ። የአንጾኪያ ሰዎች ምን አደረጉ? አልተሸበሩም፣ አላፌዙም፤ እያንዳንዱ እንደ አቅሙ አዋጥቶ በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች ላከ። እኛም ጋ ዕድር አለ፣ የቁጠባ ማኅበር አለ፣ በመካነ ኢየሱስም በሙሉ ወንጌልም የአሥራትና የአባላት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ሒሳብ ሹሙ ወንድማችን በየወሩ መጨረሻ መዝገቡን በወረቀት አትሞ ፋይል ውስጥ ያስቀምጥ። ልጆቻችሁ ለፋይዳ ሲመዘገቡ የልደት ቀናቸውን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ሂዱ፣ የሰጧችሁንም እዚያው ቆማችሁ አመሳክሩ። ክሊኒክ የተሰጣችሁ ቀጠሮ ጳጉሜን አካባቢ ከሆነ በቃል ደግማችሁ ጠይቁ።

ፕሮግራም ሊሸጥላችሁ የሚመጣውን ወጣት ደግሞ፣ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ፣ ሻይ ጋብዛችሁ ሁለት ቀን እንዲያስገባ ጠይቁት፤ ጳጉሜን 6 ቀን 2019 እና ጥር 12 ቀን 2030። ማሽኑ ሁለቱንም ተቀብሎ ነገን በትክክል ካሳያችሁ ስለ ዋጋው ተነጋገሩ። ካላሳየ ሻዩን ጨርሶ፣ አርሞት ይመለስ።