ፉርጎን ያሳነሰ ላብን አያሳንስ

የሥነ ጥበብ ዋጋ በሚሠራበት ዕቃ ክብር ወይም በግዝፈቱ አይለካም። ይህ አባባል በቃል ሲነገር የሚቃወመው የለም፤ በተግባር ሲፈተን ግን የሚጸናለት ጥቂት ነው። ሸክላ ሠሪዋን በንቀት፣ ቀጥቃጩን በጥርጣሬ ሲያይ የኖረው አሮጌ አመለካከት ዛሬም መልኩን ለውጦ ይገኛል። አንድ ሰው ከፕላስቲክ ቁርጥራጭ አሮጌ የጭነት ፉርጎን በአነስተኛ ልክ ሲሠራ አይቶ «ይህ የልጅ መጫወቻ ነው» ብሎ የሚያልፈው ይኸው አመለካከት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሥራውን የወደዱ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ፉርጎውን የመደርደሪያ ጌጥ ከማድረግ የማያልፉ አሉ። ሁለቱ ወገኖች ተቃራኒዎች ይመስላሉ እንጂ ስሕተታቸው አንድ ነው። ሁለቱም ፉርጎውን ያያሉ፤ ፉርጎውን የሠራውን፣ የጫነውንና ያንቀሳቀሰውን ሰው ግን አያዩም።

ክርክሩ በባዶ ቃል እንዳይቀር አንድ የታወቀ ፉርጎ ለምሳሌ ይወሰድ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ የባቡር መሥመሮች ከጭነት ብዛት የተነሣ ተጨናንቀው ሥራው ሊቆም በተቃረበበት ጊዜ፣ የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1917 ማብቂያ እስከ 1920 የመጀመሪያ ወራት ድረስ መሥመሮቹን በራሱ አስተዳደር ሥር አዋለ። በ1918 በወጥ ንድፍ እንዲሠሩ ከታዘዙት 100,000 የጭነት ፉርጎዎች መካከል 25,000ዎቹ እስከ 50 ቶን የሚሸከሙ፣ ግድግዳቸው አንድ ረድፍ ሳንቃ የሆነ ዝግ ፉርጎዎች ነበሩ። ሳንቃውን ደግፎ የሚይዘው የብረት ማቀፊያ፣ ቋሚውም ሰያፉም፣ በውጭ በኩል ይታያል። የፉርጎው አጥንት ከቆዳው ውጭ ነው ማለት ይቻላል። የሞዴል ሠሪዎች ዓይን በዚህ ፉርጎ ላይ ማረፉ አያስደንቅም፤ ሸክሙ በየትኛው ዘንግ አልፎ ወደ መንኮራኩሩ እንደሚወርድ ያለ አስተማሪ ያሳያልና።

በ1 ለ 87 ልክ ሲሠራ ይህ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ፉርጎ ወደ 14 ሴንቲሜትር ዝቅ ይላል። ከሳጥኑ የሚወጡት ወለሉ፣ ሁለቱ ጎኖች፣ ሁለቱ ጫፎች፣ ጣሪያውና ከፕላስቲክ ክፈፍ ጋር ተያይዘው የተቀረጹ ብዙ ደቃቅ አካላት ናቸው። ሠሪው እያንዳንዱን በምላጭ ይቆርጣል፣ በሞረድ ያስተካክላል፣ በወረንጦ ይዞ ያጋጥማል። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን በጥቂቱ አቅልጦ ያዋሕደዋል እንጂ እንደ ሙጫ በላዩ ላይ አይደርቅም፤ ስለዚህም ተጣሞ የተያያዘ መጋጠሚያ ይቅርታ የለውም። አንዱ ማዕዘን ከተዛባ ፉርጎው ይንጋደዳል፤ አራቱ የመንኮራኩር ዘንጎች እኩል ሐዲድ አይነኩም። ችኩል እጅና ሰነፍ ዓይን እዚህ ላይ ይጋለጣሉ። ይህን «ጨዋታ» የሚል ሰው የአናጢን ውኃ ልክም ጨዋታ ሊል ይገባዋል።

ዋናው ክርክር የሚነሣው ግን ከአንዲት ጭረት ከምታህል ነገር ነው። በፉርጎው ማዕዘኖች ላይ ሠራተኛው እየጨበጠ የሚወጣባቸው የእጅ መያዣ ብረቶች አሉ። በዚህ ልክ ሲሠሩ ውፍረታቸው ከሩብ ሚሊሜትር አያልፍም። ርካሽ ሥራ እነዚህን መያዣዎች ከግድግዳው ጋር አጣብቆ እንደ እብጠት ብቻ ያወጣቸዋል። ጠንቃቃ ሠሪ እብጠቱን ፍቆ፣ ቀዳዳ በስቶ፣ ቀጭን ሽቦ ያስገባል፤ በሽቦውና በግድግዳው መካከልም አየር ያልፋል። «ማን ያየዋል?» የሚለው ጥያቄ የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው።

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ የታሪክ ክህደት ያዘለ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአሜሪካ ፉርጎዎች የሚያያዙት በብረት ቀለበትና በካስማ ነበር። ሠራተኛው በሚቀራረቡ ሁለት ፉርጎዎች መካከል ቆሞ ቀለበቱን በእጁ እየመራ ካስማውን ይጥል ነበር። ጣቱን የገበረ፣ እጁን ያጣ፣ በመካከል ተጨፍልቆ የቀረ ብዙ ነው። የፍሬን ሠራተኛውም በሚሮጥ ባቡር ጣሪያ ላይ፣ በዝናብም በበረዶም፣ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እየተሻገረ መዘውር ያጠብቅ ነበር። ራሱን የሚያያይዝ ጋንቾ፣ ከባቡሩ መሪ የሚታዘዝ ፍሬንና አስተማማኝ የእጅ መያዣ በሕግ የተደነገጉት እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። እንግዲህ ያች ሩብ ሚሊሜትር የማትሞላ ሽቦ ጌጥ አይደለችም፤ ሠራተኞች በአካላቸው ዋጋ የከፈሉባት የመብት ምልክት ናት። የሚጨበጥ መያዣ እንዲኖር ስንት እጅ እንደጠፋ የሚያውቅ ሰው፣ የማይጨበጥ እብጠት ለጥፎ «ይበቃል» ሊል አይችልም።

ስለ ፉርጎው ሆድም ያለው ክርክር ከዚህ የተለየ አይደለም። የአየር ማጠራቀሚያው፣ የፍሬኑ ሲሊንደር፣ ዘንጎቹና ሰንሰለቱ ሁሉ ከወለሉ በታች ናቸው፤ ፉርጎው በሐዲዱ ላይ ሲቆም አይታዩም። ይሁንና በእውነተኛው ፉርጎ ሥር በጀርባው ተንጋሎ የሚጠግናቸው ሰው ነበር። ከዚህም በላይ የፍሬኑ ዓይነት ዘመንን ይናገራል። ከ1933 ወዲህ በአሜሪካ አዳዲስ ፉርጎዎች ላይ የተገጠመው ፍሬን ከቀድሞው የተለየና በተለያዩ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። በጎኑ ላይ የ1920ዎቹን ጽሑፍ ለጥፎ በሆዱ የኋለኛውን ፍሬን የሚሸከም ሞዴል፣ የቱን ያህል ቢያምር፣ ሐሰተኛ ምስክር ነው። ለሥነ ጥበብ እውነትን የሚጠይቅ ሰው በሸራና በመድረክ ላይ ብቻ ሳይሆን በ14 ሴንቲሜትር ፉርጎ ሆድ ውስጥም ሊጠይቃት ይገባል።

ስለ ቀለምም የሚነገር አለ። አንዳንዱ ፉርጎውን ትናንት ከፋብሪካ እንደወጣ አብረቅርቆ ያስቀምጠዋል፤ ሌላው ደግሞ «አሮጌ ይምሰል» ብሎ ዝገት እንደ ወጥ ያፈስበታል። የመጀመሪያው ሥራን ይደብቃል፤ ሁለተኛው በሥራ ላይ ያላግጣል። እርጅና ምክንያት አለው። ቀለሙ የሚላጠው እጅ በሚበዛበት በበሩ ጠርዝ ነው፤ ዝቅተኛው ክፍል የሚጠቁረው ከመንኮራኩሩ በሚነሣ አቧራ ነው፤ በግድግዳው ላይ የሚታየው የጠመኔ ምልክት ፉርጎው ወዴት እንደሚሄድ የጣቢያው ሠራተኛ የጻፈው ነው። ዝገት ማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ በግምት አይቀባም።

«ፎቶግራፍ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚሉም አይታጡም። ፎቶግራፍ ጥቅሙ የማይካድ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቅጽበት አንድ ወገን ብቻ ያሳያል። ፎቶግራፍ አንሺ ዘንጉ ከምን ጋር እንደተያያዘ ሳያውቅ ሊያነሣው ይችላል፤ ሞዴል ሠሪ ግን ሳያውቅ ሊያያይዘው አይችልም። እጅ ያልተረዳውን ነገር መሥራት ስለማይችል፣ መሥራት ራሱ ምርመራ ነው።

አንድ ተቃውሞ ግን ክብደት አለው፤ ይኸውም ባለ ሳጥኑ ሞዴል የባሕር ማዶ ዕቃ ነው፣ ዋጋውም ቀላል አይደለም፣ የሚያስታውሰውም የሌላውን አገር ላብ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው። ከዚህ የሚከተለው ግን ሥራውን መተው ሳይሆን ወደ ራስ ማምጣት ነው። የአሜሪካ መንግሥት መሥመሮቹን በያዘበት በዚያው በ1917፣ ከጅቡቲ በ1897 የተጀመረውና በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው ሐዲድ አዲስ አበባ ገባ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር ስፋቱ 1,435 ሚሊሜትር ስለሆነ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች ሊሄዱበት አይችሉም። ቡና፣ ጨውና ቆዳ ያመላለሰ፣ በድሬዳዋ የጥገና ሠራተኞች እጅ ስንት ጊዜ የተጠገነ ፉርጎ ወደ ሥራ የሚመልሰው መንገድ ጠብቧል። ዝገት ደግሞ የስብሰባ ውሳኔ አይጠብቅም።

ስለዚህ ሥራው ለሦስት ወገን ይደርሳል። መምህሩ ተማሪዎቹን ሜትርና እርሳስ አስይዞ ወደ ቆመው ፉርጎ ይውሰድ፤ አንድ ሜትር በ87 ሲካፈል 11 ሚሊሜትር ተኩል መሆኑን ከሐዲዱ ላይ ይማሩት። ሠዓሊውና ቀራጺው ዝርግ ፕላስቲክ ቢጠፋ በካርቶን፣ ሽቦ ቢጠፋ በመጥረጊያ ጭራሮ ቅርጹን ያውጡ። ካድሬውና የባህል ሠራተኛው፣ ስለ ሠራተኛው ክብር በመድረክ ከመናገር አልፎ፣ ጡረታ የወጣውን የባቡር ሠራተኛ ከሞዴሉ አጠገብ ያስቀምጠው፤ የፍሬኑ መዘውር በየት በኩል እንደሚዞርና እጅ የት ላይ እንደሚቆረጥ እርሱ ይናገር፣ ሠሪውም ይታረም።

ያን ጊዜ «ማን ያየዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይገኛል። መያዣውን ጨብጦ የኖረው ሰው ያየዋል። እርሱ ጎንበስ ብሎ የፉርጎውን ሆድ ተመልክቶ «አዎን፣ እንዲህ ነበር» ካለ ሥራው ሥነ ጥበብ ነው፤ ራሱን ከነቀነቀ ግን የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ገና መጫወቻ ነው።