ጠባሳው ሲሽር የሚጀምር ዕዳ



በዚህ ገጽ ላይ ስለ ምግብ ቤታችን ወጥ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ የመዝጊያ ሰዓትና ስለ ማኅበራችን ምርጫ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከግቢያችን አጥር ውጭ ያለ ይመስላል። ነገር ግን በመኪና አደጋ የተጎዳ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ተማሪ ከመካከላችን ይገኛል ብዬ አላምንም። ጉዳዩም ጭንቅላቱ የተጎዳ ሰው በቤተሰቡ ላይ ስለሚያመጣው ወጪና ከሕግ ስለሚገባው ካሳ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የአጎቴን ልጅ መንገድ ሲሻገር የጭነት መኪና ገጨው። የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ፣ በግንበኝነት ሥራ ቤቱን የሚረዳ ልጅ ነበር። አምስት ቀን ራሱን ሳያውቅ ቆየ። በሦስተኛው ሳምንት ከሆስፒታል ሲወጣ ግን በግንባሩ ላይ ከቀረው ጠባሳ በቀር ደኅና ይመስል ነበር፤ ይበላል፣ ይሄዳል፣ ሰው ይለያል። እናቱም ስለቷን አደረሰች። በዚያው ሰሞን የመኪናው ባለንብረት የላካቸው ሽማግሌዎች መጡ። «እግዜር ልጃችሁን መልሶላችኋል። ሰውየውም የልጆች አባት ነው። በፍርድ ቤት ደጃፍ ከመንከራተት ይቅር ለእግዜር ብላችሁ ይህን ተቀበሉ» አሉ። የቀረበው ገንዘብ 30 ሺህ ብር ነበር። አጎቴም አመስግኖ ተቀበለ፤ በወረቀቱም ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጁ በሁለተኛው ወር ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ነገር ግን ቱምቢውን ይዞ እንደ ቆመ ምን ሊለካ እንደ ነበረ ይጠፋበታል። ያ የረጋ ልጅ ቁጡ ሆነ፤ ከአሠሪውም ጋር ተጣልቶ ተባረረ። በስድስተኛው ወር የሚጥል በሽታ ጀመረው። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱ በየወሩ ይገዛል። በየቀጠሮው የሁለት ሰው መሳፈሪያና ማደሪያ ይከፈላል። ብቻውን መተው ስለማይቻል እናቱ የጉልት ንግዷን ተወች፤ እኅቱም ከዘጠነኛ ክፍል ቀረች። 30 ሺሁ ብር ዓመት ሳይሞላው አለቀ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ። ከወጪው ሁሉ የሚከብደው የሆስፒታሉ አይደለም። የሆስፒታሉ ወጪ ደረሰኝ አለው፤ አንድ ቀንም ያልቃል። የልጁ የቀረ ደመወዝ፣ የእናቱ የቆመ ንግድ፣ የእኅቱ የተቋረጠ ትምህርት ግን ደረሰኝ የላቸውም፤ ማብቂያቸውም አይታወቅም።

የሕክምና ተማሪ ጓደኞቼን ስለዚህ ነገር ጠይቄ ነበር። እግር ሲሰበር ሁሉም ያየዋል፤ አንጎል በራስ ቅል ውስጥ ሲናወጥ ግን ከላይ የሚታይ ነገር ላይኖር ይችላል አሉኝ። ቀላል በሚባለው ጉዳት ሲቲ ስካኑ እንኳ ደኅና መስሎ ሊወጣ ይችላል። የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሲጎዳ ሥራን ማቀድ፣ ልብን ሰብስቦ መቆየትና ቁጣን መግታት ያውካል። የሚጥል በሽታም ከአደጋው ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። እንግዲህ በሦስተኛው ሳምንት በጉዳቱ ላይ ዋጋ መቁረጥ ያላዩትን ዕቃ መሸጥ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል ያገራችን ሰው፤ እኛ ግን ያፈሰስነውን የምንለቅምበት ጊዜ እንኳ አላገኘንም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ነገር ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ አርቆ አሳቢ ነው። በአንቀጽ 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በአንቀጽ 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። በአንቀጽ 2092 ደግሞ ወደፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል። ይኸውም አንድ ግንበኛ በቀሪ ዕድሜው የሚያጣው ገቢ ሊጠየቅበት ይችላል ማለት ነው። ክሱን ለማቅረብ አንቀጽ 2143 ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት ይሰጣል። በአንጻሩ ግን የዕርቅ ውል አንድ ጊዜ ከተፈረመ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ሕጉ ሁለት ዓመት ሰጥቶን ሳለ እኛ ነገሩን በሦስት ሳምንት ጨረስነው።

ስለ መድንም አንድ ቃል ልጨምር። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ባለመኪና ሁሉ ለሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገድዳል። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት የወሰነው ከፍተኛ ክፍያ 40 ሺህ ብር ነበር፤ በኋላም ከፍ እንዲል ተደርጓል። ብዙ ቤተሰብ መድን ድርጅቱ የከፈለው የካሳው መጨረሻ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ ጉዳቱ ከመድኑ ወሰን ቢበልጥ ቀሪው ከባለንብረቱ ይጠየቃል።

ሕጉ እንከን የለበትም አልልም። ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ በአንቀጽ 2116 ተወስኗል። ይህ ገንዘብ በ1952 ዓ.ም. ቁም ነገር ነበር፤ ዛሬ ግን ለአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ እንኳ አይሞላም። የልጇ ጠባይ የተለወጠባት እናት ኀዘን በዚህ ዋጋ መተመኑ ሊታረም የሚገባው ነገር ይመስለኛል።

«ሽምግልና እኮ መልካም ባህላችን ነው፤ ፍርድ ቤቱም ረጅም፣ ጠበቃውም ውድ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ሽምግልናን እኔም አከብራለሁ። ቂምን ለማብረድ፣ ደም እንዳይፈላለጉ ለማድረግ ከሽማግሌ የተሻለ ዳኛ የለንም። ነገር ግን ይቅርታ ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ያልታወቀን ጉዳት በዋጋ መዝጋት ሌላ ነገር ነው። ይቅርታው ዛሬ ይደረግ፤ ሒሳቡ ግን ሐኪም እስኪናገር ይቆይ። የዳኝነት መክፈል ለማይችልም በደሃ ደንብ የመክሰስ መንገድ አለ። በየዩኒቨርሲቲው ያሉት የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሕግና የሕክምና ተማሪዎች በመምህሮቻቸው እየተረዱ በአንድ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ ምክር ያዘጋጁ። እያንዳንዳችንም ክረምት ወደየአገራችን ስንወርድ ለዕድራችን እናንብበው። ምክሩም ይህን ቢይዝ በቂ ነው፦ የሕክምና ካርድና ደረሰኝ አይጣል። በሽተኛው የረሳው፣ የወደቀበት ቀን፣ የወጣው ወጪና ሥራውን የተወው ቤተሰብ በደብተር ይመዝገብ። የሐኪሞች ቦርድ የጉዳቱን መጠን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጥ ይጠየቅ። ከዚያ በፊት «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል ወረቀት አይፈረም። ሁለቱ ዓመትም በዝምታ አይለፍ።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ሽማግሌዎቹ የመጡ ዕለት እኔም እዚያ ነበርሁ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርሁና በቤቱ ውስጥ የተማረ ተብዬ ወረቀቱን ለአጎቴ ያነበብሁለት እኔ ነኝ። ቃል በቃል፣ ሳልሳሳት አነበብሁለት። «ምን ይላል ልጄ?» ብሎ ሲጠይቀኝም «ደኅና ነው፣ ጋሼ፤ ፈርም» አልሁት። አጎቴ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም። ነገ ከመካከላችን አንዱ እንደዚያ ያለ ወረቀት እንዲያነብ ሲሰጠው ከኔ የተሻለ መልስ ይኑረው።