ተከራይን የማስወጣት ስውር ዕዳ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ፣ ቅራኔው በከተማ ከበርቴና በተከራዩ ሰፊ ሕዝብ መካከል ነበር። ዛሬ በሸገር ከተማ ውስጥ በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚታየው ግን መልኩ ሌላ ነው። በጓሮው ሁለት ክፍል ሠርቶ የሚያከራየው አባወራ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ወዝ አደር ነው።

ይህ ሰው ተከራዩን ከማስወጣቱ በፊት ሒሳቡን ሊመረምር ይገባል። ወርኃዊ ኪራዩ 4,000 ብር ነው እንበል። 500 ብር ጭማሪ ፍለጋ ተከራዩን አስወጥቶ ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ 8,000 ብር ያጣል፤ ይህንንም ጭማሪው የሚተካለት በ16 ወር ነው። የደላላው ክፍያ፣ የቀለሙና የቁልፉ ወጪ ገና አልተቆጠረም። (ደላላው ተከራይ በተለዋወጠ ቁጥር የሚጠቀም በመሆኑ ምክሩ በጥንቃቄ ይሰማ!) ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰማ የዳኝነትና የጠበቃ ክፍያ፣ ከሥራ የሚቀርባቸውም ቀናት ይከተላሉ። ቢረታ እንኳ ውዝፉን ኪራይ ከሌለው ሰው ማስከፈል ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1320፣ በሚጸናባቸው ከተሞች የኪራይ ውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። የተጻፈና የተመዘገበ ውል የተከራዩ መጠጊያ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን እንጂ ኪራይ የተቋረጠበት አባወራ ዳኛ ፊት ይዞ የሚቀርበው ማስረጃ ያው ውል ነው፤ በቃል ያከራየ ግን ምስክር ፍለጋ ይንከራተታል።